የእናቴ ወፍጮ እና የአለት ዑደት

የእህቴ ልጅ ሰባተኛ ክፍል ነው። ጥቅምት ላይ «አጎቴ፣ የአለት ዓይነቶችን አስረዳኝ» አለኝ። «አብሽር፣ ቀላል ነው» አልኩት። ቀላል አልነበረም።

ደሴ ዙሪያ ከጦሳ ተራራ ግርጌና ከቦርከና ወንዝ ዳር አንድ ማዳበሪያ ድንጋይ ለቀምን። ጥቁሩን ለብቻ፣ ቀዩን ለብቻ፣ ግራጫውን ለብቻ ደርድሬ «ይኸው ሦስት ዓይነት አለት!» ብዬ ኮራሁ። በኋላ ቀዩን በመዶሻ ብንሰብረው ውስጡ ጥቁር ሆኖ አረፈው። ሁሉም ባዛልት፣ ማለትም ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ውስጡ ያለው ብረት አየርና ውሃ ሲያገኘው እንደ ቆርቆሮ ላዩ ይዝጋል። ከዚያ ወዲህ ሳልሰብር ስለ ድንጋይ አላወራም።

ነገሩ የገባን እናቴ «ይሄማ የወፍጮ ድንጋይ ነው» ስትል ነው። እህሉን የምታስፈጨው በኤሌክትሪክ ነው፣ ተልባ ግን ዛሬም በመጅ ነው። ወፍጮዋ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ፣ ልክ እንደ እንጀራ ዓይን። የቀለጠ አለት ወደ ላይ ሲወጣ ጫናው ይቀንስና ውስጡ የነበረው ጋዝ አረፋ ይሠራል፤ አረፋው ሳያመልጥ ከቀዘቀዘ ቀዳዳው እዚያው ይቀራል። ቅልጥ አለት የሚሉት እንዲህ ቀልጦ የቀዘቀዘውን ነው። ወሎን የሸፈነው ባዛልት የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንዲህ አንዱ በአንዱ ላይ እየፈሰሰ የተነባበረ ነው፣ ተራሮቻችን ደረጃ ደረጃ የሚመስሉትም ለዚህ ነው።

አንዳንዱ ቀዳዳ ውስጥ ነጭ ነገር ነበረ። ሎሚ ጨመቅንበት፣ ዝም። በሚስማር ፍቀን ዱቄት ስናደርገው ግን አረፋ አወጣ። ካልሳይት ነው፣ የኖራ ድንጋይ የተሠራበት ማዕድን፣ ውሃ በኋላ አምጥቶ የሞላው። ከአንድ ሱቅ የለመንነው የእምነበረድ ስባሪም እንዲሁ አደረገ፤ እምነበረድ በሙቀትና በጫና የተለወጠ የኖራ ድንጋይ ነውና። ልውጥ አለት የሚሉት እሱን ነው፣ ሰፈራችን ውስጥ ፈልገን አጥተነዋል።

«ወፍጮ ሲለሰልስ ይወቀራል» አለች እናቴ፣ «አዲስ የተወቀረ ሰሞን እንጀራው ጥርስ ላይ ኮሽ ኮሽ ይላል።» ባዛልት እየበላን ነው ያደግነው ማለት ነው! ዝናብና ወንዝም ተራራውን እንደዚያ ነው የሚፍቁት። ከደሴ በታች ያለው ደለል በቦርከና አዋሽ ይገባል፣ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። እዚያ ንብርብሩ ሲከብድና ሲጣበቅ ዝቃጭ አለት ይሆናል።

ትልቁ ስህተቴ የአለት ዑደትን፣ አንዱ አለት ወደ ሌላው የሚለወጥበትን መንገድ፣ ስስል ነበር። ቅልጥ፣ ዝቃጭ፣ ልውጥ፣ ከዚያ መልሶ ቅልጥ ብዬ እንደ ሰዓት ክብ አደረግሁት። ልጁ አየት አድርጎ «የአያቴ ወፍጮ ሳይፈጭ በፊት መሬት ውስጥ ጠልቆ ቢቀበርስ?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ባዛልት ተፈጭቶ አሸዋ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ልውጥ አለት መሄድ ይችላል፣ ልውጡም ሳይቀልጥ ወደ ላይ ተገፍቶ ሊፈረፈር ይችላል። ክቡን ሰርዘን ከሁሉም ወደ ሁሉም ቀስት ሠራን። ሥዕሉ ተዝረከረከ፣ ግን ትክክል ሆነ።

ማዳበሪያው እስካሁን በር ላይ ነው። እናቴ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለውን መርጣ፣ ወቅራ መጅ አድርጋዋለች።