72 ሰዓቱ የት ይባክናል?

ተፈናቃዮች አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ በሰፈሩ በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ባነር ይሰቀላል። «ጾታዊ ጥቃትን በጋራ እንከላከል» ይላል፤ ከግርጌው የለጋሾች አርማ ተደርድሯል። የመጸዳጃ ቤቱ በር ግን መቀርቀሪያ የለውም፤ ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያም ለተደፈረች ሴት በ72 ሰዓት ውስጥ መሰጠት ያለበትን መድኃኒት ቅዳሜና እሁድ የሚያወጣ ሰው የለውም። እንዲህ ባለ ቦታ «ጥቃት የደረሰባችሁ ወደ እኛ ኑ» ብሎ መለፈፍ ራሱ ጉዳት ነው። አንዲት ሴት ምስጢሯን አውጥታ የሚደረግላት ነገር ካጣች ሁለተኛ አትመጣም፤ ያየቻት ጎረቤቷም አትመጣም። ስለዚህ መጀመሪያ ሕክምናው፣ ቀጥሎ ወደ ሕክምናው የሚያደርሰው መንገድ፣ ቅስቀሳው መጨረሻ ላይ።

«መጀመሪያ ችግሩ መኖሩን በጥናት እናረጋግጥ» የሚሉም አሉ። የዓለም አቀፍ ረድኤት ድርጅቶች በ2015 እ.ኤ.አ. በጋራ ያወጡት መመሪያ ለዚህ መልስ አለው፦ ጥቃቱ እየደረሰ ነው ብላችሁ ጀምሩ፣ ቁጥር አትጠብቁ። ድንኳን ለድንኳን እየዞሩ «ተደፍረሽ ታውቂያለሽ?» ብሎ መጠይቅ ማስሞላት አይፈቀድም።

ከመደፈር በኋላ ሰዓት ይቆጠራል። በኤች አይ ቪ እንዳትያዝ የሚሰጣት መድኃኒት፣ ሐኪሞች ፔፕ የሚሉት፣ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመርና ለ28 ቀናት መወሰድ አለበት። ድንገተኛው የእርግዝና መከላከያ እስከ 120 ሰዓት ይሰጣል፤ በዘገየ ቁጥር ግን ኃይሉ እየቀነሰ ይሄዳል። የአባላዘር በሽታ መድኃኒት፣ የሄፓታይተስ ቢና የቴታነስ ክትባት፣ የቁስል ሕክምና አብረው ይታሰባሉ። አምስት ቀን አልፏል ተብላም መመለስ የለባትም፦ የእርግዝና ምርመራ አለ፣ የሥነ ልቦና ድጋፍ አለ። ከሚያስፈልገው ዋና ዋናው «ኪት 3» በሚባለው የድንገተኛ ጊዜ ሳጥን ተዘጋጅቶ ይመጣል፤ አንዱ ለ10,000 ሕዝብ ለሦስት ወር የታሰበ ነው።

ሳጥኑ ደርሶም ሰዓቱ ይባክናል። ብዙ ጤና ተቋማት «መጀመሪያ ከፖሊስ ደብዳቤ አምጪ» ይላሉ። ሕክምናው የፖሊስ ወረቀት አይጠብቅም፤ ለፖሊስ የማመልከቱ ውሳኔ የእሷ ነው፣ ከታከመች በኋላም ይደርሳል። በመደፈር የመጣ እርግዝናን ስለማቋረጥም የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 552 የሴትየዋን ቃል ብቻ በቂ ያደርጋል። ይህን የማያውቅ አዋላጅ ነርስ በሕግ የተፈቀደውን በር ይዘጋል።

ሌላው እንቅፋት ፔፕ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ኤ አር ቲ በሚባለው የኤች አይ ቪ ሕክምና ክፍል ውስጥ ይቆለፋል፤ ክፍሉ ደግሞ በ11 ሰዓት ይዘጋል። ዓርብ ማታ የተጠቃች ሴት ሰኞ ጠዋት ስትደርስ 60 ሰዓት ገደማ አልፏል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የመጀመሪያዎቹ ቀናት መጠን ድንገተኛ ክፍል ይቀመጥ፣ የቀረው በሥራ ቀን ይሰጣት።

ከዚያ የባጃጁ ገንዘብ አለ። «ወጪውን በደረሰኝ እንተካለን» የሚል አሠራር ደረሰኝ የሚቆርጥ ባጃጅ በሌለበት አገር ቀልድ ነው። ጉዳዩን የያዘችው ሠራተኛ እጅ ላይ ትንሽ ጥሬ ገንዘብ መኖር አለበት። የሪፈራል ወረቀቱ፣ ማለትም ተጠቂዋ የትና ወደ ማን እንደምትላክ የሚያሳየው ዝርዝር፣ ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ በላዩ ያለው እያንዳንዱ ስልክ በየሳምንቱ ተደውሎ ይሞከር። ሥራ የለቀቀ ሰው ቁጥር ያልተሞላበት የሪፈራል ዝርዝር ብርቅ ነው።

ንግግርም ያስቸግራል። «ምነው በማታ ወጣሽ?» ክስ ነው። «አይዞሽ፣ ያልፋል» ደግሞ ደግ ቢመስልም አፍ ያስይዛል። ይልቅ «ስለነገርሽኝ ደግ አደረግሽ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ አሁን ምን ይሻልሻል?» ቢባል ይበቃል። በዕድሜ የገፉ እናት ከሆኑ በእርስዎታ፣ ቀስ ብሎ። አስተርጓሚ ካስፈለገ ሴት ትሁን፣ ከዚያው ሰፈርም አትሁን። ታሪኩን ለቀበሌው፣ ለወረዳው ሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ፣ ለነርሷ እንደ አዲስ ማስነገር ቁስሉን በየበሩ መፈልቀቅ ነው።

ሽምግልና ከተነሣ እዚህ ላይ ጠንካራ መሆን ይገባል። ሽማግሌ ለድንበርና ለደም ብዙ ደክሟል፤ የተደፈረችን ልጅ ለደፋሪዋ መዳር ግን እርቅ አይደለም። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ ወይም ደፋሪ ተጠቂዋን ካገባ ከቅጣት ያድነው ነበር፤ የ1996ቱ ሕግ ይህን አስቀርቷል። የረድኤት ድርጅት ሠራተኛ በሽምግልናው አይቀመጥም፣ አያስታርቅም። እሷ ራሷ ወደ ሽምግልናው መሄድ ከመረጠች አደጋውን አብሯት ያስባል።

አብዛኛው መከላከል ግን የሚሠራው በአናጢ፣ በውሃ ባለሙያና በእህል አዳይ ነው። ስፌር የተባለው የዓለም አቀፍ ረድኤት ሥራ መመዘኛ በ20 ሰው አንድ መጸዳጃ፣ ለሴቶች ከወንዶች ሦስት እጥፍ፣ ከመኖሪያው ከ50 ሜትር ሳይርቅ ይላል። ከውስጥ የሚቆለፍ መቀርቀሪያ ዋጋው ከባነሩ ያንሳል። ፓውዛ ከመተከሉ በፊት ሴቶቹ ይጠየቁ፤ መብራቱ ወጣቶች የሚሰበሰቡበት ሲሆን ሴቶች ወደ ጨለማው ሜዳ ይሄዳሉ።

ራሽኑም እንዲሁ ነው። በአገራችን የተለመደው ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ነው፤ ከአምስት ልጆቿ ጋር ያለች እናት 90 ኪሎ ይደርሳታል። ተሸክማው አትገባም። እደላው ከሰዓት በኋላ ተጀምሮ ሲመሽ ካበቃ ጋሪ የሚነዳው ሰው ዋጋውን በገንዘብ ላይጠይቅ ይችላል። ለሴት አባወራዎች ጠዋት ይሰጥ፣ ጋሪው በድርጅቱ ይከፈል። ማገዶም አለ፦ ስንዴ ሰጥቶ ማብሰያ አለመስጠት ሴቶችን ጫካ መላክ ነው።

ስም መዝጋቢው፣ የመጠለያው ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ራሱ የድርጅቱ ሠራተኛም ጥቃት አድራሽ ሊሆን ይችላል። የተባበሩት መንግሥታት በ2003 እ.ኤ.አ. ያወጣው ደንብ ሠራተኛ በእርዳታ ምትክ ወሲብ እንዳይጠይቅ፣ ከ18 ዓመት በታች ካለ ሰው ጋርም ፈጽሞ ወሲብ እንዳያደርግ ይከለክላል። የአስተያየት ሳጥኑ የኮሚቴው ቢሮ በር ላይ ከተሰቀለ ግን ማን ይጽፋል? አቤቱታ ከመጠለያው ውጭ ላለች ሴት በስልክ ይድረስ።

«የጥቃት ሰለባዎች ማዕከል» የሚል ታፔላም አይሰቀል፤ በሩን የገባች ሁሉ ትታወቃለች። የሴቶች ቤት ይባል፣ ቡና ይፈላ፣ ጸጉር ይሠራ፣ የምትነግረውን የያዘች ከሌሎቹ መሀል ገብታ ትውጣ።

መዝገቡን በተመለከተ፦ ፎርሙ ላይ ስም ሳይሆን ኮድ ይጻፋል፤ የፈቃድ ወረቀቷ በሌላ ሳጥን ይቆለፋል። «በዚህ መጠለያ በዚህ ወር ሁለት ጉዳይ» የሚል ሪፖርት ሁለቱን ሴቶች ያጋልጣልና በዞን ደረጃ ተደምሮ ይላክ። ሁኔታው ድንገት ከተበላሸና ቡድኑ መውጣት ካለበት ፋይሎቹን ማን እንደሚይዝ፣ ካልተቻለም ማን እንደሚያቃጥላቸው፣ ሥራ በተጀመረበት ሳምንት በስም ተለይቶ ይወሰን።