«ለዶፓሚን ድጋፍ» የሚለውን ብልቃጥ ከመግዛታችሁ በፊት

«ለዶፓሚን ድጋፍ»፣ ለ«ትኩረትና ተነሳሽነት» ተብሎ የሚሸጥ የእንክብል ብልቃጥ ከአሜሪካ በሻንጣ ሲመጣ ቀድሜ የማነበው ጀርባውን ነው። ሙኩና ፕሩሪየንስ የተባለው የባቄላ ዘመድ ተክል ካለበት እንደ ተራ ቅጠላ ቅጠል አላየውም። በፍሬው ውስጥ ያለው ሌቮዶፓ ለፓርኪንሰን (ሰውነትን ለሚያንቀጠቅጥና እንቅስቃሴን ለሚያዘገይ የአንጎል ሕመም) የሚታዘዘው መድኃኒት ራሱ ነውና። ዶፓሚን፣ ማለትም እንቅስቃሴንና ተነሳሽነትን የሚያግዘው የአንጎል ኬሚካል፣ ከደም ወደ አንጎል አያልፍም፤ ሌቮዶፓ ግን ያልፋል፣ እዚያም ወደ ዶፓሚን ይለወጣል። እስከዚህ ድረስ ሻጮቹ እውነታቸውን ነው። (የኛም ባቄላ እሸት ሌቮዶፓ አለው።)

ጥናቱን ማግኘት አያስቸግርም፤ ፐብሜድ በተባለው የሕክምና ጥናቶች ማውጫ ድረ ገጽ ላይ የተክሉን ስም ጽፎ በሰው ላይ የተሞከሩትን መለየት ነው። ሻጮች የሚወዱት እ.ኤ.አ. የ2004ቱን ነው፦ 8 የፓርኪንሰን ሕመምተኞች 30 ግራም የሙኩና ዱቄት ሲወስዱ በ35 ደቂቃ ገደማ ሠራላቸው፤ 200 ሚሊግራም ሌቮዶፓ ከካርቢዶፓ (ሌቮዶፓ አንጎል ሳይደርስ እንዳይለወጥ ከሚያግደው መድኃኒት) ጋር ሲወስዱ ግን 69 ደቂቃ ያህል ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው የ14 ሰዎች ሙከራ ግማሾቹ በሆድ ችግር ወይም እንቅስቃሴያቸው ስለባሰ ሙኩናውን ማቋረጣቸውን ግን አያነሱም። ሁለቱም በሕመምተኞች ላይ የተደረጉ ናቸው፤ ለጤነኛ ሰው «ትኩረትና ተነሳሽነት» ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ ማጭበርበር ነው።

ያንገበገበኝ መጠኑ ነው። «400 ሚሊግራም፣ 15 ከመቶ ሌቮዶፓ» የሚል ጽሑፍ በአንድ እንክብል 60 ሚሊግራም ሌቮዶፓ ማለት ነው። የ2004ቱ 30 ግራም 1,000 ሚሊግራም ገደማ ነበረው፤ እዚያ ለመድረስ 17 እንክብል መዋጥ ሊያስፈልግ ነው! ደግሞ 60 የተባለውም 60 ላይሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2022 አሜሪካ ውስጥ 16 ምርቶች ሲመረመሩ በአንድ አወሳሰድ ከ2 እስከ 241 ሚሊግራም ተገኘባቸው። አንድ ሻጭ የዚያን ምርት ዙር (በአንድ ጊዜ አብሮ የተመረተውን) የላብራቶሪ ውጤት እንዲልክልኝ ብጠይቀው ማስታወቂያውን መልሶ ላከልኝ።

ብልቃጡ ላይ በደቃቅ ፊደል «ሐኪምዎን ያማክሩ» ይላል። ሐኪሙ ያልተለካውን ከየት ያውቀዋል? ካርቢዶፓ ከሌለ ብዙው ሌቮዶፓ አንጎል ሳይደርስ ወደ ዶፓሚን ስለሚለወጥ ያቅለሸልሻል፣ ያስመልሳል፣ ሲነሱ የደም ግፊትን ይጥላል። የፓርኪንሰን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሲደርብበት ደግሞ መድኃኒቱ ውስጥ ያለው ካርቢዶፓ የእንክብሉንም ሌቮዶፓ ወደ አንጎል ያሳልፈዋል፤ ያኔ ሰውነት ያለ ፈቃድ መወራጨት ሊጀምር ይችላል። እንደ ፌነልዚን ካለ የድብርት መድኃኒት ጋር ከተወሰደ ግፊትን በአደገኛ ሁኔታ ይሰቅላል።

ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ «ቅጠላ ቅጠል» አትበሉ፣ «ሌቮዶፓ» በሉ፤ ብልቃጡንም ይዛችሁ ሂዱ። ብልቃጡ ላይ ካለው የምርት ዙር ቁጥር ጋር የሚገጥም የገለልተኛ ላብራቶሪ ውጤት ያላሳያችሁን ሻጭ እለፉት፤ ዋጋው ቢረክስም።