የአባባ ከዘራ

ዛሬ ማታ ልጅቷ ከተኛች በኋላ ቤዝመንት ወርጄ ለእስክሪብቶ ከቆረጥኳት ከአባባ ከዘራ የመጨረሻዋን ቁራጭ በሳሁ። ከሷ ሌላ የለኝም፣ ካበላሸኋት አለቀ፣ ለዛ ነው ሁለት ወር ሙሉ እያየኋት ሳልነካት የቆየሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባባ ልጃችን ስትወለድ ሊጠይቁን ሜሪላንድ መጥተው አራት ወር ከኛ ጋር ነበሩ፣ አንድ ቀን ጠዋት በረዶ የያዘውን ደረጃ ሲወርዱ አዳለጣቸውና ወደቁ፣ እሳቸው እግዚአብሔር ይመስገን ምንም አልሆኑም፣ ከዘራቸው ግን ተሰበረች። የወይራ ከዘራ ናት፣ ሃይስኩል እያለሁ ጀምሮ የማውቃት፣ እጀታዋ ከእጃቸው ወዝ ጠቁሮ የሚያበራ። "ጣላት፣ እንጨት እኮ ናት" አሉኝ። እሺ አልኳቸውና ቤዝመንት ወስጄ ደበቅኳት።

አባባ የሰፈራችን እድር ፀሐፊ ናቸው፣ ከ20 ዓመት በላይ። ማታ ማታ ያንን ትልቅ መዝገብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው በቢክ እስክሪብቶ ሲፅፉ እያየሁ ነው ያደግኩት፣ የማን ወርሃዊ እንደገባ፣ ማን ቀብር እንደቀረ፣ ለየትኛው ቤት ስንት ወንበርና ስንት ብረት ድስት እንደወጣ። አገር ከተመለሱ በኋላ ዩቲዩብ ላይ አንድ ሰውዬ በትንሽ የእንጨት ቶርኖ እስክሪብቶ ሲሰራ ሳይ ወዲያው ከዘራዋ ትዝ አለችኝ። ለካኋት፣ ቀጥ ያለው ክፍሏ ላይ 13 ሳንቲም የሚሆኑ ሶስት ቁራጮች ይወጣሉ። ያገለገለ ማሽን ፈልጌ ገዛሁ፣ በቃ ገባሁበት።

ቶርኖ ስል እኛ አገር ብረት የሚያስተካክሉበትን ትልቁን እንዳታስቡ፣ ይሄ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ነው። እንጨቱ በደቂቃ እስከ 3000 ጊዜ ይሽከረከራል፣ አንተ መሮህን መደገፊያው ብረት ላይ አሳርፈህ ታስነካዋለህ፣ ፍቅፋቂው እንደ ክር እየተመዘዘ ይወጣል። ቪዲዮው ላይ ሳየው ነገሩ በሙሉ መሮው ይመስለኝ ነበር። አይደለም። መሮው መጨረሻ ላይ ያለች ሃያ ደቂቃ ነው፣ እስክሪብቶ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ገና ማሽኑ ላይ ሳይወጣ ነው። ውስጡ የናስ ቱቦ አለ፣ እንጨቱ የቱቦው ልብስ ነው ማለት ይቻላል። ቁራጩን ለሁለት ትቆርጠዋለህ፣ በ7 ሚሊ መብሻ መሀል ለመሀል ትበሳዋለህ፣ ቱቦውን በብርጭቆ ወረቀት ሻከር አድርገህ በኮላ ታስገባለህ፣ ከዛ ጫፉን ከቱቦው ጋር እኩል እስኪሆን ትልገዋለህ። እዚህ ውስጥ አንዷ ከጎደለች መሮ ይዘህ ብትራቀቅ ዋጋ የለውም። ይሄን ለማወቅ ሁለት የአባባን ቁራጭ ከፍያለሁ።

የመጀመሪያዋን ቸኩዬ ነው የበሳኋት። ትራፓኖውን፣ መብሻ ማሽኑን፣ ለቀቅኩት፣ ጫን አደረግኩት፣ ትንሽ ቆይቶ ከቀዳዳው ቀጭን ጭስ ብቅ አለና ያ ሽታ መጣ። እማዬ ጠላ ልትጠነስስ ጋኑን በወይራ ስታጥን ግቢውን ሁሉ የሚያውደው ሽታ፣ እዚህ፣ ሜሪላንድ ቤዝመንት ውስጥ። ዓይኔን ጨፍኜ ሳብኩት፣ እውነት ለመናገር እንባዬም መጥቷል፣ እጄ ግን መጫኑን አላቆመም። ከዛ ጠቅ የምትል ትንሽ ድምፅ ሰማሁ። ሳወጣው ከጫፍ እስከ ጫፍ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ። ያ ሽታ እኮ እንጨቱ ከውስጥ ሲቃጠል ነው። ወይራ ድንገተኛ ሙቀት አይችልም፣ መብሻው ላይ የታጨቀው ሰጋቱራ መውጫ ሲያጣ ደግሞ ይብስበታል። ለባለቤቴም አልነገርኳት፣ ስንጥቋን በጥፍሬ እየዳበስኩ ብዙ ተቀመጥኩ።

ሁለተኛዋ ብሱም ማጣበቁም ጥሩ ሄዶላት ማሽን ላይ ወጣች። ማንድሬል የሚባል ቀጭን ብረት አለ፣ ሁለቱ ግማሾች የሚሰኩበት፣ እንዳይዞሩብኝ ብዬ መያዣውን ባለ በሌለ ሃይሌ አጠበቅኩት። ለካ ሲጠብቅ ብረቱ በዓይን የማይታይ ጎበጥ ይላል፣ እንጨቱም አንድ ጎኑ ወፍራም አንድ ጎኑ ስስ ሆኖ ይወጣል። እኔ ምን አውቄ፣ በብርጭቆ ወረቀት ላስተካክል ብዬ ሳሸው ሳሸው ቡኒው ውስጥ የናሱ ቢጫ ብልጭ አለ። ከዛ በኋላ የሚደረግ ነገር የለም።

እዛ ላይ አቆምኩ። የአባባን እንጨት ለልምምድ ማዋል ልክ አይደለም ብዬ ፖፕላር የሚባል ርካሽ እንጨት ገዛሁና 11 እስክሪብቶ ሰራሁ። ከነዛ ውስጥ አራቱ ይፅፋሉ፣ ሁለቱን ለስራ ባልደረቦቼ ሰጠሁ። በነዚህ ነው ጆሮዬ የተከፈተው። መሮው በትክክል ሲያርፍ ወጥ የሆነ ሽሽሽ የሚል ድምፅ አለው፣ ስለቱ ብቻውን ቀድሞ ሲገባ ግን መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ያኔ ካልሳብከው እንጨቱን ይነቅለዋል። አንዴ ስንጣሪ ተነስቶ የፊት መከላከያውን ሲመታው ደንግጬ ማሽኑን አጥፍቼ ወጥቻለሁ። እባካችሁ የምትጀምሩ ካላችሁ ያለሱ እንዳትቆሙ፣ እጅጌያችሁንም ሰብስቡ፣ ጓንት ደግሞ ጭራሽ አታድርጉ፣ ከያዘው እጅን ይዞ ነው የሚዞረው። ኮላው ቱቦው ውስጥ እንዳይገባ ጫፉን በድንች መድፈንም ያኔ ነው የተማርኩት፣ ስስ አድርገህ የቆረጥከው ድንች ላይ ቱቦውን ጫን ስታደርገው ልክ እንደ ቡሽ ይወተፋል፣ ሲደርቅ ገፋ አድርገህ ታወጣዋለህ።

ዛሬ እንግዲህ ሶስተኛዋ። መጀመሪያ ከመቁረጤ በፊት ከላይ እስከ ታች አንድ የእርሳስ መስመር አሰመርኩባት፣ የእንጨቱ ጅማት እንደገና እንዲገጣጠም። ከዘራ ክብ ስለሆነ እንዳይዞር በሁለት የተቦረቦረ እንጨት መሀል አድርጌ ሞርሳ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ማጥበቂያ ብረት፣ ላይ አሰርኳት። ከዛ ግማሽ ሳንቲም በስቼ ማውጣት፣ ሰጋቱራውን በብሩሽ መጥረግ፣ ማሽኑን አጥፍቶ መብሻው እስኪበርድ መጠበቅ፣ እንደገና ግማሽ ሳንቲም። ሁለቱ ግማሾች አንድ ሰዓት ያህል ፈጁብኝ። ሽታው አልመጣም። ሙሉ ጊዜውን እየጠበቅኩት ነበር፣ ትንሽ እንኳን ሽው ቢልብኝ ለማቆም፣ ግን ደግሞ ናፍቆኛል፣ ሁለቱም ስሜት አንድ ላይ ነበሩብኝ። ስጨርስ ወደ መብራቱ ይዤ በቀዳዳው አየሁ፣ ውስጡ ንፁህ ቡኒ፣ ጥቁር የተቃጠለ ነገር የለም፣ ስንጥቅም የለም።

ትናንት አባባ ደውለው ነበር። እዛ የገዙት አዲሱ ከዘራ እንዳልተመቻቸው ነገሩኝ፣ "ይቀለኛል፣ እንደዛችኛዋ እጅ አይሞላም" አሉ፣ ዝም ብዬ ሰማኋቸው። ለፋሲካ አገር የሚገባ ጓደኛ አለኝ፣ እስክሪብቶዋን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ለአባባ ይዞልኝ ሊሄድ ቃል ገብቷል።

አሁን ቱቦዎቹ ገብተዋል፣ ጫፎቻቸው ላይ ድንች አለ፣ የእርሳስ መስመሯ ፊት ለፊት እንድትሆን አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አቁሜያቸዋለሁ። ኮላው እስከ ነገ ይደርቃል። ነገ ከስራ ስመለስ ጫፎቹን ብቻ ነው የምልገው፣ ማሽኑን አላበራም።