ወረንጦ ያላችሁ?

ትናንት ከልጆቹ ጋር ሸናንዶዋ ፓርክ ወጥተን ነበር። ትንኙን እንኳ ለምጄዋለሁ። ማታ ቤት ገብቼ ካልሲዬን ሳወልቅ ግን ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ሰሊጥ የምታክል ጥቁር ነገር አየሁ። ቆሻሻ መስላኝ ጠረግኳት፤ አልተነሳችም። ቀረብ ብዬ ሳያት እግር አላት!

እኔ መዥገር የማውቀው የላም ጡት ሥር ተጣብቆ እንደ ባቄላ ሲያብጥ ነው። ለእማዬ ደውዬ ብነግራት «ላምባ ቀባ አድርግበት» አለችኝ። ቨርጂኒያ ላይ ላምባ ከየት ላምጣ? ደግሞ የዚህ አገር ሐኪሞች ቫዝሊንም እሳትም አታስጠጉ ነው የሚሉት፤ ጫፉ ቀጭን በሆነ ወረንጦ ከቆዳው ጠጋ አድርጎ ይዞ፣ ሳይጠመዝዙ ቀጥ አድርጎ መሳብ። ሳብኩ። ቆዳዬ እንደ ድንኳን ተነስቶ ትንሽ ቆየና ለቀቀች።

የአጋዘን መዥገር «ላይም» (Lyme) የሚባለውን በሽታ ታስተላልፋለች፤ ብዙውን ጊዜ ግን ከ24 ሰዓት በላይ ተጣብቃ መቆየት አለባት። የእኔዋ ቢበዛ 8 ሰዓት ብትቆይ ነው። ልብሳችንን ማድረቂያ ውስጥ በከፍተኛ ሙቀት 10 ደቂቃ አሽከረከርነው። ልጆቹንም እማዬ ድሮ ቅማል ስትፈልግብን እንደነበረው ጸጉራቸውን እየገለጥኩ ፈተሽኳቸው።

ቀይ ሽፍታ ከወጣ ሐኪም ቤት ነው፤ እስከ 30 ቀን ሊዘገይ ይችላል። ባለቤቴ ቦታውን በስክሪፕቶ ከብባልኛለች።