ያለ ሀዲድ የሚሄደው ባቡር፦ የስኳትን ጦር ስለ ማንሣት

ዋርሃመር 40,000 የተባለው የጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጨዋታ በሪክ ፕሪስትሊ ተጽፎ በእንግሊዙ ጌምስ ዎርክሾፕ በ1987 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታተም (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ስኳት የሚባሉት አጫጭር የጠፈር ሕዝቦች በውስጡ ነበሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ጦራቸው ከሱቅ መደርደሪያም ከሕግ መጽሐፍም ጠፋ፤ ተመልሶ የመጣው በ2022፣ በሌላ ስምና በሌላ መልክ ነው። እኔና እዚህ ድሬዳዋ አብረውኝ የሚጫወቱ ጓደኞቼ ይህን ጦር በራሳችን መንገድ ማንሣት ከጀመርን ወዲህ፣ የተተወን ጦር ለማስነሣት በቅድሚያ ሊመለስለት የሚገባው በጠረጴዛው ላይ እርሱ ብቻ ይሠራው የነበረው ሥራ ነው የሚል ጽኑ እምነት አድሮብኛል።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ አሠራሩ ባጭሩ ይህ ነው። ሁለት ተጫዋቾች ራሳቸው ገጣጥመው የቀቧቸውን፣ በአብዛኛው 28 ሚሊሜትር ገደማ ቁመት ያላቸውን ምስሎች በተራ ያንቀሳቅሳሉ፤ ርቀት በኢንች ይለካል፣ የተኩስና የጨበጣ ውጤት በዳይስ ይወሰናል። በታሪኩ መሠረት ስኳቶች ከሰው ዘር የወጡ ናቸው፤ አያቶቻቸው በጋላክሲው እምብርት አጠገብ ወዳሉ ማዕድን የበዛባቸው ዓለማት ሄደው ሰፈሩ፣ ከቀረው የሰው ዘር ተቆርጠው ለብዙ ሺህ ዓመታት ሲኖሩም የዓለማቱ ከባድ ስበት ቁመታቸውን አሳጥሮ አካላቸውን አደነደነው። በምድር ሥር የሚቆፍሩ፣ ብረት የሚያቀልጡ፣ የተበደሉትን የማይረሱ ሕዝቦች ናቸው።

ይሁን እንጂ የስኳት ጦር እውነተኛ ግርማ የታየው በዋናው ጨዋታ ላይ አልነበረም። ኤፒክ በሚባለው፣ አንድ ወታደር ስድስት ሚሊሜትር ያህል ብቻ በሚሆንበትና ሙሉ ሠራዊቶች በሚጋጠሙበት ጨዋታ ውስጥ፣ በተለይም በ1992 ኦርክ ለተባለው ሌላ ወገንና ለእነርሱ በጋራ በወጣው ተጨማሪ መጽሐፍ፣ ስኳቶች ሌላ ማንም ያልነበረውን የጦር መሣሪያ ይዘው ቀረቡ፦ ኮሎሰስና ሳይክሎፕስ የተባሉ ተንቀሳቃሽ ምሽጎች፣ ጎሊያድ የተባለ ግዙፍ መድፍ፣ በሰማይ የሚንሳፈፉ ኦቨርሎርድ የተሰኙ የጦር መርከቦች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያለ ሀዲድ በሜዳው ላይ የሚገሰግስ የጦር ባቡር። ባቡሩ ፉርጎዎቹን እንደ ባለቤቱ ፍላጎት ይቀጥላል፤ አንዱ ፉርጎ ሞርታር ይጭናል፣ አንዱ እሳት ይተፋል፣ አንዱ በርሰርከር የተባሉትን ደፋር ተዋጊዎች ተሸክሞ እስከ ጠላት መስመር ያደርሳል። ሌሎች ወገኖች በፍጥነት ወይም በብዛት ሲያሸንፉ ስኳት ከሩቅ እየደበደበ፣ ሳይቸኩል፣ መሬቱን እየያዘ ወደ ፊት ይመጣ ነበር።

ታዲያ ለምን ተተወ? በ1993 የዋናው ጨዋታ ሁለተኛ እትም ሲወጣ ከጨዋታው ሣጥን ጋር በተሰጠው የጦር ዝርዝር መጽሐፍ ውስጥ ስኳቶች ነበሩ፤ ሌሎቹ ወገኖች ተራ በተራ የየራሳቸውን ኮዴክስ (የአንድን ጦር ሕግና ታሪክ የያዘ መጽሐፍ) ሲያገኙ ግን ለእነርሱ አልወጣላቸውም፣ በ1998 በታተመው ሦስተኛው እትም ደግሞ ጭራሹኑ አልተካተቱም። በታሪኩ በኩልም ዓለሞቻቸው ሁሉን በሚውጠው የታይራኒድ መንጋ ተበልተው አለቁ ተባለ። ከአዘጋጆቹ አንዱ የነበረው ጀርቪስ ጆንሰን ኋላ ላይ እንደገለጸው፣ ምክንያቱ ንድፍ አውጪዎቹ ለድንክ ሕዝብ የሚገባውን ክብር ሰጥተው ሊሠሩት አለመቻላቸው ነበር፤ በዋናው ጨዋታ የቀረቡት ጢማም ሞተር ብስክሌት ነጂዎች ከቀልድ ብዙም አልራቁም። እኔ ይህን ማብራሪያ እቀበለዋለሁ፤ ነገር ግን ጎዶሎ ነው እላለሁ። በኤፒክ ውስጥ ክብሩ ተገኝቶ ነበር፤ ወደ ትልቁ ምስል ያሸጋገረው ሰው ነው የጠፋው።

ጌምስ ዎርክሾፕ በኤፕሪል 1 ቀን 2022 መመለሳቸውን ሲያስታውቅ ብዙዎች የዕለቱ ቀልድ መስሏቸው ነበር፤ በዚያው ዓመት ግን ሊግስ ኦፍ ቮታን በሚል ስም ኮዴክስና ምስሎች ወጡላቸው። በዚህ ሥራ ላይ ያለኝ አድናቆት እውነተኛ ነው። አዲሶቹ ተዋጊዎች በማሽን ተቀርጸው የሚወለዱ፣ ቮታን በሚባሉ እጅግ ያረጁ አሳቢ ማሽኖች የሚመሩ ናቸው፤ ከመካከላቸው የሞተ ሰው ትዝታ ወደ ማሽኑ ይመለሳል፣ ማሽኑም በዕድሜና በሸክም ብዛት እየዘገየ ሄዷል። የአያት ቅድመ አያት ክብር በወሬ ብቻ ሲነገርላቸው ለኖሩ ሕዝቦች ይህ ጥልቅ ሐሳብ ነው።

በሕጉ በኩልም ባሕርያቸው ተጠብቋል። በድሮው እትም ሰው በአንድ ተራ 4 ኢንች ሲራመድ ስኳት 3 ይራመድ ነበር፤ በአዲሱ ሰው 6 ሲሆን የቮታን ተዋጊ 5 ነው። ቂማቸውም በሕግ ተጽፏል፦ በመጀመሪያው ኮዴክስ የበደላቸው የጠላት ክፍል እስከ ሦስት የፍርድ ምልክት ይደረግበታል፣ ምልክቱ በበዛ ቁጥርም ተኩሳቸው በቀላሉ ያቆስለዋል። ይህ ሕግ እጅግ ከመበርታቱ የተነሣ ኮዴክሱ ለብቻው ለገበያ ከመቅረቡ በፊት የጦሩ የነጥብ ዋጋ፣ ማለትም ተጫዋቹ ጦሩን ለማሰለፍ ከተመደበለት ነጥብ የሚከፍለው፣ እንዲጨመር ተደርጓል፤ ያም ሆኖ ቂምን ወደ ቁጥር የለወጠ እንደዚህ ያለ ግልጽ ሕግ በሌላ ጦር ላይ አላየሁም።

የቀረው ባቡሩ ነው። ሄካቶን የተባለው ትልቁ ተሽከርካሪያቸው ጥሩ ተሽከርካሪ ነው፤ ነገር ግን ትልልቅ ተሽከርካሪ ሁሉም ጦር አለው። ድሬዳዋ ላይ ለተወለደ ተጫዋች ይህ ጉድለት ቶሎ ይታየዋል። ከጅቡቲ የተነሣው ሀዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ስለከበደው ወደዚህ ሜዳ ዞሮ በ1902 ሲደርስ ነው ከተማችን የተቆረቆረችው፤ ከዚራ የተባለችው ሰፈር ቀጥ ባሉ መንገዶቿ የተነደፈችው ለባቡሩ ነው፤ የአያቶቻችን ሥራ የጥገና ፋብሪካው ነበር። ባቡር አንድን ሕዝብ ከቦታ ቦታ ከመውሰድ አልፎ ራሱን ሕዝቡን እንደሚሠራ እዚህ ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም። የስኳት ባቡር በጦርነት ውስጥ ያለ ተሽከርካሪ ብቻ አልነበረም፤ የዚያ ሕዝብ ማዕድን፣ ቤትና ገበያ በአንድ መስመር የተሰለፉበት ነበር።

ስለዚህ እኛ የ1993ቱን ዝርዝር መሠረት አድርገን፣ ለባቡሩ የራሳችንን ሕግ እየጻፍን እንጫወታለን። ከውጭ አገር በዘመድ እጅ የደረሱን አሮጌ የብረት ምስሎች አሉ፤ የዚያ ዘመን ብረት እርሳስ ስላለበት ስንሞርደው እናርሰዋለን፣ ከልጆችም እናርቀዋለን። ባቡሩን ግን እዚሁ ነው የምንሠራው፦ የፉርጎው አካል ከወፍራም ካርቶን፣ የመድፉ አፈሙዝ ከኤሌክትሪክ መስመር ቱቦ፣ መንኮራኩሩ ከለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ቆርኪ። ቆርኪ ጥርስ ያለው ጠርዙ የብረት መንኮራኩር ስለሚመስል ሲቀባ እጅግ ያምራል።

ቀለም መቀባት በድሬ ሙቀት የራሱ ሥርዓት አለው። የሚረጨው ቀለም በቀትር ከተነፋ ገና በአየር ላይ እያለ ይደርቅና ምስሉ ላይ እንደ አሸዋ ይቀመጣል፤ ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ወይም ማታ ነው የሚነፋው። የብሩሹ ቀለም እንዳይጠጥር ከሥሩ ውኃ የጠጣ ስፖንጅ፣ ከላዩ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት እናደርጋለን፤ ሱቆች በሚዘጉበት የቀትር ሰዓት ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን ሳይቸኩሉ መቀባት የሚቻለው በዚህ ዘዴ ነው።

ብዙ ያከራከረን የመታጠፊያው ሕግ ነው። መጀመሪያ ላይ ፉርጎዎቹ ሁሉ ሞተሩ የሄደበትን መስመር በትክክል ተከትለው እንዲሄዱ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ጎረቤታችን የሆኑ ጡረተኛ የምድር ባቡር መካኒክ ጠረጴዛውን ለጥቂት ጊዜ ተመልክተው፣ «ልጄ፣ ሀዲድ ነው እኮ ፉርጎን በመስመር የሚያስይዘው፤ ሀዲድ ከሌለ የኋለኛው የፊተኛውን ፈለግ አይረግጥም፣ ወደ ውስጥ ይቆርጣል፣ ፉርጎ በጨመርክ ቁጥር ደግሞ መቁረጡ ይብሳል» አሉኝ። «እንግዲያው በመታጠፊያ ላይ ምን ያድርጉ፣ አባባ?» ስላቸው፣ «ወይ በሰፊው ይዙሩ፣ ወይ ፉርጎ ይቀንሱ» አሉ።

ሕጋችን አሁን ይኸው ነው። ሞተሩ በአንድ ተራ እስከ 45 ዲግሪ መታጠፍ ይችላል፤ እያንዳንዱ ፉርጎ አፍንጫው ከፊተኛው ጅራት ጋር እንደተያያዘ በአጭሩ መንገድ ይሳባል፣ ሲሳብ ፍርስራሽ ወይም ድንጋይ ከነካ ዳይስ ይጣልለታል፤ 1 ከመጣ ማያያዣው ይበጠሳል። በዚህ አንድ ሕግ ምክንያት ረጅም ባቡር ያሰለፈ ተጫዋች ከጨዋታው በፊት መሬቱን አጥንቶ መንገዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል፤ ተጋጣሚውም ባቡሩን በተኩስ ከማሳደድ ይልቅ ወደ ጠባብ ቦታ እንዲገባ ለማስገደድ ይሞክራል። ጦሩ እንደገና የራሱ የሆነ የአጨዋወት መንገድ አገኘ ማለት ነው።

ያልተስማማንበት ነገር አንድ ነው፦ ማያያዣው ተበጥሶ ሜዳ ላይ የቀረ ፉርጎ በሌላ ሞተር እንደገና ሊሳብ ይችላል ወይስ እንደቆመ ይቀራል? ከጓደኞቼ የሚበዙት «እንደቆመ ይቅር» ባዮች ናቸው፣ ከተሳበ ጨዋታው ይረዝማል ብለው። እኔ ግን ሊሳብ ይገባል እላለሁ፤ ይህ ሕዝብ ውስጡ ሰዎቹ ያሉበትን ፉርጎ ጥሎ የሚሄድ ሕዝብ አይደለም፣ ለዚያ የሚከፍለው አንድ ሙሉ ተራም ተመጣጣኝ ዋጋ ነው። በሚቀጥለው ከኦርኮች ጋር ስንጋጠም ሁለቱንም እንሞክራቸዋለን።