የዘጌ ቡና ሁለት ጊዜ ሸወደኝ

ለማስተርስ ጥናቴ የዘጌን ቡና መረጥኩ። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ጥያቄዬ ቀላል ይመስል ነበር፦ ጥላ ሥር ያለው ቡናና ፀሐይ የሚመታው ቡና ዲኤንኤያቸው ይለያያል ወይ?

የመጀመሪያውን ዙር ቅጠል በፌስታል ቋጥሬ መጣሁ። ቤተ ሙከራ ሲደርስ ጠቁሯል፤ የወጣው ዲኤንኤም የሻይ መልክ ነበረው። የቡና ቅጠል ፖሊፌኖል የሚባል ውህድ ይበዛበታል፣ እሱ ነው የሚያበላሸው። ከዚያ ወዲህ ለጋውን ቅጠል ብቻ እየቀጠፍኩ እዚያው ዛፉ ሥር እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ውስጥ አስገባለሁ። ሰማያዊዎቹ ጠጠሮች ሮዝ ከሆኑ እርጥበት ጠግበዋል፣ ይቀየራሉ።

ትልቁን ጥፋት የሠራሁት ኮምፒውተር ላይ ነው። የቡናዎቹን ዲኤንኤ ሮቡስታ ከሚባለው የቡና ዝርያ ጂኖም (ሙሉ ዲኤንኤ) ጋር አመሳከርኩ። ጉድ ነው! በየዛፉ፣ በየቦታው ሁለት ዓይነት የዲኤንኤ ፊደል። የዘጌ ቡና አረቢካ ነው፤ አረቢካ እኮ በአብዛኛው በራሱ የአበባ ዱቄት የሚያፈራ ተክል ነው፤ ይህን ያህል ልዩነት ከየት ያመጣል? ያኔ ግን ማን ልብ ብሎ። ጓደኞቼን ክትፎ ጋበዝኩ።

በማግስቱ ሠንጠረዡን ቁልቁል አየሁት። ኤ እና ጂ። ኤ እና ጂ። ኤ እና ጂ። አንድም ዛፍ ከዚህ አይወጣም። ለካ አረቢካ የሮቡስታና ዩጂኒዮይድስ የሚባል የሌላ ቡና ዝርያ ዲቃላ ነው፤ የሁለቱንም ጂኖም ይዟል። ክሮሞሶሙም እንደ ሁለቱ ወላጆቹ 22 ሳይሆን 44 ነው። እኔ ወላጆቹን ደርቤ «ልዩነት» እያልኩ ነበር። በአረቢካ በራሱ ጂኖም ስደግመው አብዛኛው በነነ። የክትፎው ብር ቀረ።

የተረፈው ልዩነት ግን ጥላና ፀሐዩን ቁልጭ አድርጎ ለሁለት ከፈለ። አሁንስ አገኘሁ ብዬ ስዕሉን ይዤ ዘጌ ተሻገርኩ። የማሳው ባለቤት አባባ አየት አድርገው ሳቁ።

«ልጄ፣ የፀሐዩ እኮ በቅርቡ ከውጭ በመጣ ችግኝ የተተከለ ነው። የጥላው የአያቶቼ ነው።»

የለየሁት ፀሐይን ሳይሆን ዘርን ነበር። ቅጼ ላይ ከፍታ አለ፣ የጥላ መጠን አለ፣ ጂፒኤስ አለ። «ችግኙ ከየት መጣ?» የሚል ግን የለም። እዚያው በእስክሪብቶ አናቱ ላይ ጨመርኩና ጠየቅኳቸው፤ የአያቶችዎስ ከየት መጣ?

«ከአቡነ በትረ ማርያም በትር ነዋ የበቀለው!»

እንዳሉት ጻፍኩት።