ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?

ሥራሽ ምንድን ነው ስባል "ሠርግ አነሳለሁ" እላለሁ። ውሸት አይደለም። ኪራዩን የሚከፍለው ሠርግ ነው። ካሜራውንም ሌንሱንም የገዛው ሠርግ ነው። ጥርና ሚያዝያ ላይ ቅዳሜና እሑድ እኔን ማግኘት ዘበት ነው። ዓቢይ ጾም ሲገባ የኦርቶዶክሱ ሠርግ ቀጥ ይላል፤ ያኔ የስብሰባ፣ የልደት፣ የሚሸጥ ዕቃ ፎቶ እያልኩ እፍጨረጨራለሁ። ይሄን የትኛውም ፎቶ አንሺ ያወራላችኋል።

የማይወራ ሌላ ሥራ አለ። አራት ኪሎ ያለችውን ክፍሌን ልከፍት ጠዋት ደረጃውን ስወጣ፣ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀኝ ሰው የሚያመጣው። ብዙ ጊዜ የሟች የእህት ልጅ ነው፣ ወይም ጎረቤት፣ ወይም እድሩ የላከው ሰው። ልጆቹ አይመጡም፤ እነሱ ድንኳን ውስጥ ናቸው። "ይቺን ፎቶ ታሳድጊልናለሽ?" ይላል። "ነፍስ ይማር" እላለሁ። ቀጥሎ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?"

"ስምንት ሰዓት፣ ሥላሴ።"

አስከሬኑ ከቤት ሳይወጣ ፎቶው ታትሞ፣ ፍሬም ገብቶ መድረስ አለበት። የሠርግ አልበም ቢዘገይ ሙሽራዋ ትቆጣለች፣ እናቷ ትደውላለች፣ ያልፋል። ይሄኛው ከስምንት ሰዓት በኋላ ቢያልቅ ምን ይሠራል? መብራት የሚጠፋው ደግሞ እንደዚያ ባለ ቀን ነው። ዩፒኤሱ ኮምፒውተሩን ይዞ ይቆያል፤ ፕሪንተሩን ግን አይችለውም። ያኔ ፋይሉን በፍላሽ ይዤ፣ ጄኔሬተር ያለው ማተሚያ ቤት ፍለጋ በራስ መኮንን ድልድይ አድርጌ ወደ ፒያሳ እሮጣለሁ።

ለሠርግ ግማሹን ቀብድ ካልከፈሉኝ ቀኑን አልይዝም። ለለቅሶ ግን ቀብድ ለመጠየቅ አፌ እሺ አይለኝም። ከሦስተኛው ቀን በኋላ መጥተው ይከፍላሉ፣ ወይ በቴሌብር ይልካሉ። የካደኝ ሰው አላስታውስም። ለሙሽሮች እንዲህ ማለት አልችልም።

ይዘውልኝ ከሚመጡት ውስጥ ስልክ ላይ ያለ ፎቶ ይበዛል። የሆነ ግብዣ ላይ በሰው መሃል የተነሱ፣ ግማሽ ፊታቸው በሌላ ሰው ትከሻ የተሸፈነ። የጥንቸል ጆሮ የበቀለባቸው አዛውንትም ገጥመውኛል፤ የልጅ ልጅ ስልክ ፊልተር ነው። ሌላው በቴሌግራም ከሰው ሰው ሲንከባለል የመጣ ነው። ቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲላክለት ይጨምቀዋል፤ ለግድግዳ የሚሆን ነገር አይተርፍም።

እኔ የምወደው የቀበሌ መታወቂያ ነው። የሚያመጡት ሰዎች ያፍራሉ፤ "ሌላ ጠፋ እኮ" ይላሉ። እኔ ግን ደስ ይለኛል። ጉርድ ፎቶ ላይ ሰውዬው ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፣ ኮሌታውን አስተካክሏል፣ ዓይኑ ካሜራው ላይ ነው። 3 በ4 ሴንቲ ሜትር ብትሆንም በ1200 ዲፒአይ ስካን ስትደረግ 1400 በ1900 ፒክሴል ገደማ ትሰጣለች። ኤ3 ላይ አትሞ፣ ራቅ ብሎ ለሚያያት ትበቃለች።

ችግሩ ማኅተሙ ነው። ያ ወይን ጠጅ ክብ ማኅተም ወይ ጉንጭ ላይ ያርፋል ወይ አንገት ላይ። እያንዳንዷን መስመር በብሩሽ የሚያጠፉ ልጆች አያለሁ፤ ፊቱም አብሮ ይጠፋል። እኔ ፎቶሾፕ ላይ ቻናሎቹን፣ ማለትም ፎቶው የተሠራባቸውን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ንብርብሮች፣ እለያያቸዋለሁ። ወይን ጠጅ ቀለም ሰማያዊ ብርሃን ስለሚመልስ ሰማያዊው ቻናል ላይ ማኅተሙ ይደበዝዛል። ፊቱ ይጠቁራል፣ እሱን ቀስ አድርጌ አነሳዋለሁ፣ የተረፈችውን የማኅተም ጭረት ብቻ በእጄ እነካካለሁ። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ሆኖ ይወጣል። በዚህ የተከፋ የለም።

አሁን አሁን ደግሞ "በኤአይ አጥሪልን" የሚሉ መጥተዋል። ሞክሬዋለሁ። ለልብስና ለጀርባ ጎበዝ ነው። ፊት ላይ ግን ያላየውን ይፈጥራል። አገጫቸውና አንገታቸው ላይ ንቅሳት የነበራቸው እናት ፎቶ መጣልኝ። ፕሮግራሙ ንቅሳቱን ቆሻሻ መስሎት ሙልጭ አድርጎ አጠበው፣ ቆዳቸውንም የሠላሳ ዓመት ሴት አደረገው። የእኔንና የእሱን ጎን ለጎን አድርጌ ለልጃቸው አሳየሁት። የኤአይዋን እያየ "ይቺ ደግሞ ማናት?" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ከአንገት በላይ አላስነካውም።

ሙያውን የተማርኩት ፒያሳ ነው። አራዳ ላይ ፎቶ የቆየ ሥራ ነው፤ አርመኑ ቤድሮስ ቦያጅያን የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበር፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮምም ሥራውን ይዘው እስከ ኃይለ ሥላሴ ዘልቀዋል። እኔን ያስተማሩኝ ጋሼ ቤተ መንግሥት ደርሰው አያውቁም፤ ሲያነሱ የኖሩት የሰፈር ሰው ነው። ኔጋቲቭ ላይ ጫፉ እንደ መርፌ በሾለ እርሳስ ይሠሩ ነበር። ኔጋቲቭ ላይ ያጠቆሩት ወረቀቱ ላይ ይነጣል፤ የፊት መጨማደዱን በእርሳስ ሲሞሉት ሲታተም ለስለስ ይላል። "አታጥፊው፣ አለስልሺው" ይሉኝ ነበር።

የጋሼ ሀብት ካሜራው አልነበረም፤ ካርቶኖቹ ነበሩ። የደንበኛ ኔጋቲቭ ቁጥር ተሰጥቶት ይቀመጣል፣ ቁጥሩ ፎቶው ጀርባ ላይ ይጻፋል። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ያንን ቁጥር ይዞ ይመጣል፤ ጋሼ መሰላል ላይ ወጥተው አቧራውን እፍ ብለው ያወጡታል። ስካን የለ፣ ማኅተም የለ። በ2016 የፒያሳ ቤቶች ሲፈርሱ ፎቶ ቤቱም አብሮ ሄደ። ከካርቶኖቹ የቻልኩትን ወሰድኩ፤ አልጋዬ ሥር ናቸው። አንዳንዴ ቁጥር ይዞ እኔን አፈላልጎ የሚመጣ ሰው አለ፤ ካገኘሁለት ያን ቀን ምሳ አያስፈልገኝም።

ጉርድ ፎቶ ራሱ እየቀረ ነው። የፋይዳ መታወቂያ ሲወጣ ፎቶው እዚያው መመዝገቢያው ቦታ ይነሳል፤ ፎቶ ቤት መሄድ ቀረ። ለከሰረው ገበያዬ ብዬ አይደለም የማዝነው (ትንሽ ለእሱም ነው)። ድሮ ሰው ፎቶ ባይወድም መታወቂያ ለማደስ ሲል በየጊዜው ፊት ለፊት ይነሳ ነበር። ዛሬ በየስልካችን ሺህ ፎቶ አለን፤ እናታችን ለብቻዋ ተቀምጣ፣ ቀና ብላ የተነሳችው ግን የለንም።

ስለዚህ ሠርግ ላይ አንድ ልማድ አለኝ። ከሁለቱም ወገን አዛውንቶቹን አንድ በአንድ፣ ለብቻቸው አነሳለሁ። ማንም አላዘዘኝም፣ ዋጋው ውስጥም የለም። ሠርግ ደግሞ ለፊት ፎቶ ክፉ ሰዓት ላይ ነው የሚውለው። ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ አዲስ አበባ እኩለ ቀን ፀሐይ ቀጥ ብላ አናት ላይ ናት፤ ሜዳ ላይ የቆመ ሰው ዓይኑ ጨለማ ጉድጓድ ይሆናል። ሙሽሮቹ ፓርክ ሄደው በዚያ ፀሐይ ይቃጠላሉ፤ እኔ አዛውንቶቹን በረንዳ ላይ፣ ጥላው ጫፍ ላይ ወንበር አስቀምጬ ፊታቸውን ወደ ውጭ አዞራለሁ። ነጭ ነጠላ ካለ ካሜራው በነጩ ይደነግጥና ፊቱን ያጠቁረዋል። ብርሃኑን የምለካው ጉንጫቸው ላይ ነው።

አንድ ሠርግ ላይ የሙሽራው አያት ወንበሩ ላይ ከተቀመጡ በኋላ ቀና ብለው አዩኝ።

"ምነው ብቻዬን? ለለቅሶዬ ነው አይደል?"

ሚዜዎቹ ክው አሉ። "ኧረ እማማ፣ ለአልበሙ ነው" ልል ስጀምር አቋረጡኝ።

"ዝም በይ፣ አንሺኝ። የእህቴን ከመታወቂያ ላይ አሳድገውላት ሌባ አስመስለዋት ዋሉ።"

ነጠላቸውን ላስተካክል ጠጋ ስል እጄን ያዙኝ። "ጥለቱን ወደ ታች። ሐዘንተኛዋ እኔ አይደለሁም።"

በሰማንያ አምስት ሚሊ ሜትር ሌንስ አነሳኋቸው። ልጥላቸው የማልፈልጋቸው ፎቶዎች አሉኝ፤ ይሄ አንዱ ነው። ሙሽራው አልበሙን ሲመርጥ "የአያቴን ተይው፣ የጓደኞቼን ጨምሪበት" አለኝ። እሺ ብዬ ጨመርኩለት። የአያቱን ፋይል ግን ሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ ነው ያስቀመጥኩት።

እናንተም ቤት የቆየ መታወቂያ ካለ ላሚኔቱን አትላጡት፤ የፎቶው ቆዳ አብሮ ይነሳል። እንዳለ አምጡልኝ። በቴሌግራም ከሆነም እንደ ፋይል ላኩት። ቅዳሜና እሑድ ስልክ ካላነሳሁ ሠርግ ላይ ነኝ፤ ደጋግማችሁ ሞክሩ፣ ሙሽሮቹ ምሳ ሲቀርቡ አነሳለሁ።